2½ × 3½ ለምን 6¼ አይሆንም? አንድ የውይይት ክር ከነመልሶቹ

ክሩን የከፈተው አምስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ያለችው አባት ነው። ልጁ 2½ በ3½ ሲባዛ 6¼ ይሆናል ብላ ጽፋ ደብተሯ በቀይ ኤክስ ተመልሶላታል፤ ከኤክሱ ሌላ አንዲት ቃል አልተጻፈበትም። ልጅቷ የሠራችው ግልጽ ነው። ሙሉ ቁጥሮቹን ለብቻ አባዛች፤ 2 በ3፣ 6። ክፍልፋዮቹንም ለብቻ አባዛች፤ ግማሽ በግማሽ፣ ሩብ። ከዚያ ሁለቱን ደመረች። የአባትየው ጥያቄ መልሱ ስንት ነው የሚል አልነበረም። 8¾ መሆኑን ራሱ ሠርቶ ደርሶበታል፤ ድብልቅ ቁጥርን ወደ ክፍልፋይ ለውጦ ማባዛት የሚለውን ሕግም ከተማሪነቱ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። የጠየቀው ሌላ ነው። ድብልቅ ቁጥሮችን ስንደምር ሙሉውን ከሙሉው፣ ክፍልፋዩን ከክፍልፋዩ ጋር ለየብቻ ደምረን ትክክለኛው መልስ ላይ እንደርሳለን፤ 2½ ሲደመር 3½ በዚህ መንገድ 6 ይመጣል። ማባዛት ላይ ስንደርስ ያው መንገድ የሚያሳስተን ለምንድን ነው? ሕጉን እንዳይደግሙለት፣ ምክንያቱን እንዲነግሩት ለምኗል።

ክሩ ረጅም ሆኗል፤ መልካሙም ከማይረባው ጋር ተደባልቋል። ልጆቻቸውን ሒሳብ የሚያስጠኑ ወላጆችና መምህራን ፍሬ ነገሩን እንዲያገኙት መልሶቹን በየቁጥራቸው እተርካለሁ። በመሀሉ እኔም ጽፌበታለሁና አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የዚያች ልጅ ሥራ ትክክለኛ ሐሳብ ጀምሮ መንገድ ላይ የቆመ ሥራ ነው። የቀረው ምን እንደሆነ ሳይነገራት በኤክስ ብቻ መመለሱ በደል ነው።

መልስ 1 በጨዋ አነጋገር የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያነበበ አይመስልም። አትድገሙልኝ የተባለውን ሕግ ከመጀመሪያው ዘርዝሯል፤ ሙሉውን ቁጥር በታሕቱ (በክፍልፋዩ የታችኛው ቁጥር) አባዛ፣ ላዕሉን (የላይኛውን) ደምር፣ 2½ አምስት ሁለተኛ ይሆናል፣ 3½ ደግሞ ሰባት ሁለተኛ፣ ላዕል በላዕል 35፣ ታሕት በታሕት 4፣ ሠላሳ አምስትን ለአራት ስናካፍል 8¾። መልስ 2 ያንኑ በአጭሩ ደግሞ፣ ሕግ ሕግ ስለሆነ ምክንያት መጠየቅ ልጅቷን ከማደናገር በቀር ጥቅም እንደሌለው አክሏል። በዚህ አልስማማም። ምክንያቱን ያላወቀ ልጅ ሕጉን ለፈተናው ይይዘዋል፤ ክረምቱ ሳያልፍ ደግሞ ይጠፋበታል።

መልስ 3 ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ስትሆን፣ በዚያ አገር ድብልቅ ቁጥር ማባዛት በአምስተኛ ክፍል እንደሚሰጥና ልጇ የተማረው በአራት ማዕዘን ሥዕል እንደሆነ ተናግራለች። አንደኛው ጎን 2½፣ ሌላኛው 3½ የሆነ አራት ማዕዘን ይሣላል። የመጀመሪያው ጎን 2 እና ½ ተብሎ፣ ሁለተኛው 3 እና ½ ተብሎ በመስመር ይከፈላል። ውስጡ አራት ክፍል ይሆናል፤ 2 በ3 የሆነው ክፍል ስፋቱ 6፣ 2 በ½ የሆነው 1፣ ½ በ3 የሆነው 1½፣ ጥግ ላይ የቀረችው ½ በ½ ደግሞ ¼። አራቱ ሲደመሩ 8¾። ልጅቷ ትልቁን ክፍልና የጥጓን ትንሽ ክፍል በትክክል አግኝታለች፤ በመሀል ያሉትን ሁለቱን ግን አላየቻቸውም። የጎደላት 2½ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመጣ ነው። እናትየዋ በመጨረሻ፣ ለልጅቷ አራት ክፍል ካለው ቤት ሁለቱን በደንብ አጽድተሻል፣ ሁለቱ ቀርተውሻል ብሎ መንገር እንደሚሻል መክራለች።

ክሩ እዚህ ላይ ቢዘጋ እንኳ አባትየው መልሱን አግኝቶ ነበር። እርሱ ግን መልስ 4 ላይ አመስግኖ አንድ ጥያቄ አስከተለ። ሥዕሉ ገብቶታል፤ ያልገባው መደመር ላይ እነዚያ ሁለት የመሀል ክፍሎች የማይኖሩበት ምክንያት ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ያለዚህ ጥያቄም መልስ 5 አይጻፍም ነበር።

መልስ 5ን የጻፉት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ስንደምር እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል፤ ማን ከማን ጋር እንደተደመረ ለውጥ የለውም። ስናባዛ ግን 2½ የሚለው ቁጥር 3½ን ስንት ጊዜ እንውሰድ የሚለውን ነው የሚነግረን። ሁለት ጊዜ ሙሉ እንወስደዋለን፤ 7 ይሆናል። ከዚያ ግማሽ ጊዜ እንወስደዋለን፤ የ3½ ግማሽ 1¾ ነው። 7 እና 1¾፣ 8¾። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ስትወስድ 3ቱን ብቻ ወሰደች፣ ግማሹን ተወችው፤ ግማሽ ጊዜ ስትወስድ ደግሞ ግማሹን ብቻ ወሰደች፣ 3ቱን ተወችው። መምህሩ ይህን ካስረዱ በኋላ ድብልቅ ቁጥር ሲጻፍ በሙሉውና በክፍልፋዩ መካከል የመደመር ምልክት ተደብቆ እንዳለ ተማሪዎቻቸውን በእርሳስ ያስጽፏቸው እንደነበር ነግረውናል። 2½ ማለት 2 + ½ ነው። ምልክቱ ሲጻፍ ልጁ ሁለት ቅንፎች እንደሚያባዛ ያያል፤ ከፍ ያለ ክፍል ደርሶ አልጀብራ ሲጀምርም ያንኑ ሥራ በፊደል ያገኘዋል።

መልስ 6 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ይላል። ድብልቅ ቁጥር ያረጀ ነገር ነው፣ ዓለም በዴሲማል ይሠራል፣ 2.5 በ3.5 ብሎ ስልክ ላይ መምታት ሲቻል ልጅን በሥዕልና በክፍልፋይ ማሠቃየት ከንቱ ድካም ነው የሚል ሐሳብ አለው፤ ያቀረበው ግን በቁጣ ነው። ከሜሪላንድ የጻፈችውንም የውጭ አገር ነገር አምላኪ ሲል ወረፋት። ስድቡ ያለ ቦታው የገባ ነበር።

መልስ 7 ስድቡን አልፎ ሐሳቡን ያዘ። ሲሶ በዴሲማል ተጽፎ እንደማያልቅ አስታወሰ። 2⅓ን በ1½ ስናባዛ ሰባት ሦስተኛ በሦስት ሁለተኛ ነውና ሦስቱ ተጣፍቶ ሰባት ሁለተኛ፣ ማለትም 3½ ይቀራል፤ ምንም ትርፍ ጭራ የለውም። ያንኑ 2.33 በ1.5 ብንለው 3.495 ይመጣል። መልስ 8 የሒሳብ ሠራተኛው ነው፤ የአምስት ሺሕኛ ልዩነት ማንን ይጎዳል ብሎ ተሣለቀ። መልስ 9 ከገበሬ ቤተሰብ የወጣ ሰው ጻፈ። መለኪያው ኩንታል ከሆነ ያቺ አምስት ሺሕኛ ግማሽ ኪሎ እህል ናት፤ በሲሶ እርሻ ምርት ሲካፈሉ የኖሩ አባቱ ግማሽ ኪሎ ጤፍን ምንም አይደለም የሚል ሰው ፊት አውድማ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። በዚህ መልስ ብዙ ሰው ተስማምቶበታል።

መልስ 10 የእኔ ነው። የጻፍኩት ዴሲማል ስሕተቱን እንደማይፈውሰው ለማሳየት ነበር። ያቺው ልጅ 2.5 × 3.5 ቢሰጣት፣ ሁለቱን በሦስት፣ ነጥብ አምስትን በነጥብ አምስት አባዝታ 6.25 ልትጽፍ ትችላለች። ያው 6¼ ነው፤ ልብሱን ብቻ ቀየረ። እያንዳንዱ ክፍል ከእያንዳንዱ ክፍል ጋር መገናኘት እንዳለበት ካልገባት የቁጥሩ አጻጻፍ አያድናትም። ስልኩ መልሱን ይሰጣታል፤ መልሱ ለምን እንደበለጠ ግን አይነግራትም።

መልስ 11 ግምትን አስተማማኝ መፈተሻ አድርጎ አቀረበ። 2½ በ2 እና በ3 መካከል ነው፣ 3½ በ3 እና በ4 መካከል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከ6 በላይ፣ ከ12 በታች መሆን አለበት። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መልስ 12 ግን ወዲያው ጉድለቱን አሳየ፤ 6¼ም ከ6 በላይ፣ ከ12 በታች ነውና በዚህ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል። መልስ 12 የተሻለ መፈተሻ ሰጠ። ከሁለቱ ቁጥሮች የአንዱን ብቻ ክፍልፋይ ጣልና አባዛ። 2½ በ3 ብቻ እንኳ 7½ ነው፤ እንግዲህ 2½ በ3½ ከ7½ ማነስ አይችልም። 6¼ እዚህ ላይ ይወድቃል። ጸሐፊው አንድ ተጨማሪ ነገር አስተውሏል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ክፍልፋይ ካላቸው በልጅቷ መንገድ የሚገኘው መልስ ሁልጊዜ ከትክክለኛው ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ የተረሱት ክፍሎች የሚደመሩ እንጂ የሚቀነሱ አይደሉም። ከክሩ ሁሉ በጥንቃቄ የታሰበበት መልስ ይህ ይመስለኛል፤ ከ11ኛው ጋር ቢቃረንም አንድም ክፉ ቃል የለበትም።

መልስ 13ን የጻፈው ሴራሚክ አንጣፊ ነው። አጻጻፉ ቁጥብ ነው፤ እኔ ግን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ወለሉ 2½ ሜትር በ3½ ሜትር ነው እንበል፤ ሴራሚኩ ደግሞ 50 በ50 ሳንቲሜትር የሆነው ዓይነት። በአጭሩ ጎን 5 ሴራሚክ ይገባል፣ በረጅሙ 7። በጠቅላላው 35 ሴራሚክ ይገዛል። ከእነዚህ አራቱ አንድ ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ፤ ስለዚህ 35ን ለ4 አካፍሎ 8¾ ካሬ ሜትር ይላል። እርሱ ድብልቅ ቁጥርን ወደ ክፍልፋይ እቀይራለሁ ብሎ አያውቅም፤ ሴራሚክ ይቆጥራል እንጂ።

አባትየው የጠየቀው ምክንያት እዚህ ላይ ሙሉ ሆነ። መልስ 1 ላይ የተዘረዘረው ደረቅ ሕግና መልስ 3 ላይ የተሣለው አራት ማዕዘን አንድ ነገር ናቸው። 2½ን አምስት ሁለተኛ ስንለው፣ ሜትሩን ትተን በግማሽ ሜትር መለካት ጀመርን ማለት ነው። በግማሽ ሜትር ስንለካ ወለሉ 5 በ7 ይሆናል፤ ቁራሽ ነገር አይቀርም፤ ሁሉም ሙሉ ሴራሚክ ነው። ታሕቶቹን አባዝተን 4 የምናገኘው ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ስንት ሴራሚክ እንዳለ ስንጠይቅ ነው። ሁለት በወርድ፣ ሁለት በቁመት፣ አራት። የሕጉ እያንዳንዱ እርምጃ ወለሉ ላይ ቦታ አለው። ይህንን ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ጠመኔ ይዞ መሬት ላይ ማሳየት ከባድ አይደለም፤ መጽሐፍም፣ ኮምፒውተርም አያስፈልግም።

መልስ 14 ታሕቶቹ ባይመሳሰሉስ ብሎ ጠየቀ፤ 1½ በ2⅓ ቢሆን። መልስ 15 እንግዲያማ መጀመሪያ የጋራ ታሕት መፈለግ ግዴታ ነው አለ። 1½ ዘጠኝ ስድስተኛ፣ 2⅓ አሥራ አራት ስድስተኛ፣ ሲባዙ 126 ሠላሳ ስድስተኛ፣ ያም 3½። መልሱ ልክ ነው፤ ግዴታ የሚለው ግን ልክ አይደለም። መልስ 16 ላይ አንጣፊው ተመልሶ መጣና፣ ሴራሚኩ ካሬ መሆን የለበትም አለ። በአንድ በኩል ግማሽ ሜትር፣ በሌላ በኩል ሲሶ ሜትር የሆነ ሴራሚክ ይታሰብ። በአንዱ ጎን 3፣ በሌላው 7፣ በጠቅላላው 21 ይገባል፤ ስድስቱ አንድ ካሬ ሜትር ይሞላሉ፤ 21 ለ6፣ 3½። የጋራ ታሕት የሚያስፈልገው ለመደመርና ለመቀነስ ነው። መልስ 15 የጻፈው ሰው ለዚህ አልመለሰም።

ከ17 እስከ 20 ያሉት መልሶች ከሒሳቡ ወጥተው ወደ ወቀሳ ሄዱ። አንዱ የዛሬ መምህር ሰነፍ ነው፣ ኤክስ አድርጎ ማለፍ ብቻ ነው የሚያውቀው ብሎ ጻፈ። መልስ 18 የመጣው በሥራ ላይ ካለች መምህርት ነው፤ ቁጣዋ ይሰማል። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ ይዛ፣ በየደብተሩ ማብራሪያ ልጻፍ ብትል ሌሊቱ እንደማይበቃት ተናግራለች። ስሕተቱን ግን ታውቀዋለች፤ በየዓመቱ ታየዋለች፤ በሚቀጥለው ቀን ሰሌዳ ላይ ለሁሉም አንድ ላይ ታስረዳለች። መልስ 19 ይህን ሰበብ ብሎ አጣጣለው። መልስ 20 ትውልድ እስከ መሳደብ ስለደረሰ አስተባባሪው አጠፋው፤ አደረገም ደግ። የመምህርቷን መልስ ካነበብኩ በኋላም ኤክሱ በደል ነው ያልኩት አልተለወጠም። ነገር ግን በደሉ የአንዲት መምህርት አይደለም፤ 60 ደብተር በአንድ እጅ የሚታረምበት አሠራር የፈጠረው ነው። የነገው ሰሌዳ ላይ ማብራሪያ ካለ ኤክሱ ይካሳል፤ የልጅቷ አባት ያን ማብራሪያ እንዳልሰማ ነው የነገረን።

መልስ 21 ወሬውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። በውጭ አገር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የኢትዮጵያ ማባዛት ብለው የሚያውቁት ዘዴ አለ። 17ን በ34 ለማባዛት አንዱን እያጋመስክ ሌላውን እያጠፍክ ትወርዳለህ፤ 17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1፤ ከጎኑ 34፣ 68፣ 136፣ 272፣ 544። በግራ ሙሉ በሙሉ ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ያለበትን ረድፍ ትሰርዛለህ፤ የቀሩት 34 እና 544 ሲደመሩ 578 ይሆናሉ። ጸሐፊው ዘዴው የነጋዴዎቻችን ነው፣ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ይሠሩት ነበር ብሎ በኩራት ጻፈ። መልስ 22 ኩራቱ ላይ ውኃ ቸለሰበት፤ ያው ዘዴ የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት እየተባለም ይጠራል፣ ጥንታዊ ግብፃውያንም ማጠፍን መሠረት ባደረገ መንገድ ያባዙ ነበር፤ የጉድጓዱን ታሪክ የሚያስረዳ ማስረጃ ያለው ያምጣ አለ። ማስረጃ አልመጣም።

መልስ 23 ስለ ግብፃውያኑ ጨመረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህሜስ የተባለ ጸሐፊ የገለበጠው፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የራይንድ ፓፒረስ የሒሳብ ጥያቄዎች የያዘ ጽሑፍ ነው፤ ከጥያቄዎቹ ውስጥ በርካታዎቹ አንድ ከግማሽ ከሩብን በክፍልፋይ የሚያባዙ ናቸው። አንዱ ሩብና አንድ ሃያ ስምንተኛን በ1¾ አባዝቶ ግማሽ ያገኛል። ሥራው ዛሬም ልክ ነው፤ ሩብና አንድ ሃያ ስምንተኛ ሁለት ሰባተኛ ነው፣ 1¾ ሰባት አራተኛ፣ ሰባቱ ከሰባቱ ይጣፋል፣ ሁለት አራተኛ ይቀራል። ድብልቅ ቁጥር ያረጀ ነገር ነው ያለው የሒሳብ ሠራተኛ በማርጀቱስ አልተሳሳተም።

በመልስ 24 ጡረተኛው መምህር የ21ኛውን ዘዴ ከጥያቄያችን ጋር አገናኙት፤ ባያገናኙት ኖሮ ከርእስ የወጣ ሆኖ ይቀር ነበር። 17 ሲጋመስ 8 አይደለም፣ 8½ ነው። ዘዴው ግማሹን ጣለው። ሒሳቡ ሳይበላሽ የቀረው ለምንድን ነው? 17 በ34 ከ8½ በ68 ጋር እኩል ነው። ያም 8 በ68 እና ½ በ68 ነው። የተጣለው ግማሽ በ68 ሲባዛ 34 ነው፤ ይህ 34 ሳይሰረዝ በቀረው ረድፍ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። እንግዲህ ያ ዘዴ ግማሽን አይረሳም፤ መዝግቦ ያቆያል። ልጅቷ የረሳችውም ይህንኑ ነው፤ ግማሹ ትልቁን ቁጥር ሳያገኘው ቀረ።

መልስ 25 ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ የተማረ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ድብልቅ ቁጥር ማባዛት ሳይባል እንደሚሠራ ጻፈ። መስከረም 1 በየትኛው ዕለት እንደሚውል ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል። ዓመተ ዓለሙ ለአራት ተካፍሎ መጠነ ራብዒት ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው ለሰባት ይገደፋሉ፣ ማለትም ለሰባት ተካፍለው የሚተርፈው ይያዛል፤ 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ እስከ እሑድ፣ ምንም ባይተርፍ ሰኞ። ዓመተ ዓለምን ከሩቡ ጋር መደመር ማለት በ1¼ ማባዛት ነው። ዓመቱ 365¼ ቀን ነው፤ 52 ሳምንታት 364 ቀን ይወስዱና 1¼ ይተርፋል። አዲስ ዓመት በየዓመቱ በ1¼ ቀን ይገፋል ማለት ነው።

ለ2018 ዓመተ ምሕረት ሠርቶ አሳየን። 7518 በ1¼ ሲባዛ 7518 እና 1879½፣ በጠቅላላው 9397½ ነው። ሙሉው 9397 ለሰባት ሲገደፍ 3 ይተርፋል፤ ሐሙስ። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። ግማሹስ? ግማሹ ወንጌላዊውን ይነግረናል። ¼ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ½ ሲተርፍ ማርቆስ፣ ¾ ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ ነው፤ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ከ2015 ወደ 2016 ስንሻገር ደግሞ 9393¾ ላይ 1¼ ተጨምሮ 9395 ሙሉ ይሆናል፤ ሙሉ ቁጥሩ በአንድ ሳይሆን በሁለት ዘለለ። የ2015 አዲስ ዓመት እሑድ ውሎ የ2016 ማክሰኞ የዋለው፣ ሉቃስም ጳጉሜን ስድስት ቀን አድርጎ ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሩቡ በየዓመቱ ቢጣል ኖሮ ዘመን መለወጫችን ከጊዜ ብዛት ከወቅቱ ይወጣ ነበር። ክፍልፋይን መዘንጋት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለልጆቻችን የምንሰጥ አይመስለኝም። ለእኛ ልጅ ቅርብ ነው፤ እንቁጣጣሽን የማያውቅ የለም።

መልስ 26 ቀኑን ስልክ እየነገረን ይህ ሁሉ ከርእስ መውጣት ነው ብሎ አጉረመረመ። መልስ 27 አባትየው ነው፤ ልጁ ከሴራሚኩ ይልቅ ይህንኛውን እንደወደደችና የሚቀጥለውን ዓመት ራሷ እየሠራች እንደሆነ ጻፈ። ማጉረምረሙ ቆመ።

መልስ 28 ወደ ማባዛቱ የመለሰን፣ ነገር ግን አደገኛ አቋራጭ ይዞ የመጣ ነው። 2¼ በ4⅓ ሲባዛ አራቱን ከአራቱ ማጣፋት ይቻላል፤ ሥራ ያቀላል የሚል። የመጀመሪያው 4 ታሕት ነው፤ ሁለተኛው 4 የድብልቅ ቁጥሩ ሙሉ ክፍል ነው፤ ከ⅓ ጋር የተደመረ ነው። የሚደመርን ነገር ማጣፋት አይቻልም። መልስ 29 ይህንን በጣም በሻከረ ቃል አረመ፤ ሳያውቁ ለሕዝብ ማስተማር ነውር ነው እስከ ማለት ደረሰ። ቃሉ ባይጠቅምም እርማቱ ይጠቅማል፤ መጀመሪያ ዘጠኝ አራተኛ በአሥራ ሦስት ሦስተኛ ተደርጎ ይጻፋል፣ ከዚያ ዘጠኙና ሦስቱ በሦስት ይጣፋሉ፣ 39 አራተኛ ይቀራል፣ መልሱ 9¾ ነው። ማጣፋት ድብልቁ ወደ ክፍልፋይ ከተለወጠ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

መልስ 30 ላይ አንድ የግንባታ ሠራተኛ የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እያስቆፈረ እንደሆነ ገልጾ ጠየቀ። ወርዱ 1½ ሜትር፣ ርዝመቱ 2½ ሜትር፣ ጥልቀቱ 3½ ሜትር ነው። ሦስት ድብልቅ ቁጥሮች ሲባዙ የእናትየዋ አራት ክፍሎች ስንት ይሆናሉ? መልስ 31 የሜሪላንዷ እናት ናት፤ ስምንት እንደሚሆኑ ነግራ ስምንቱንም ሠራቻቸው። 6፣ 1፣ 1½፣ 3፣ ¼፣ ½፣ ¾ እና ⅛፤ ድምራቸው 13⅛ ኪዩቢክ ሜትር። ሥዕሉ ምክንያቱን ለማየት እንጂ ሁልጊዜ ለመሥራት እንዳልሆነ፣ ቁጥሮቹ ሦስት ሲሆኑ እርሷም ወደ ክፍልፋይ መለወጡን እንደምትመርጥ ጨምራለች። ዴሲማል ወዳዱ የሒሳብ ሠራተኛም በ32 መጥቶ 13.125 መሆኑን አረጋገጠ፤ በዚህ ክር ውስጥ ያለ ቁጣ የጻፈው ይህንን ብቻ ነው።

በመልስ 33 አንጣፊው ጉድጓዱን በየግማሽ ሜትሩ ከፈለው። በወርድ 3፣ በርዝመት 5፣ በጥልቀት 7፣ በጠቅላላው 105 ሣጥኖች። ስምንቱ ሣጥን አንድ ኪዩቢክ ሜትር ይሞላልና እያንዳንዱ 125 ሊትር ይይዛል። ጉድጓዱ 13,125 ሊትር ይወስዳል፤ የግድግዳው ውፍረት ግን ከውስጥ ተለክቶ መቀነስ እንዳለበት አስጠንቅቋል። የግንባታ ሠራተኛው በ34 የሰጠው ልክ የቁፋሮው እንደሆነ አምኖ፣ ግንቡ ከተሠራ በኋላ የውስጡን ለክቶ እንደሚመለስ ጽፏል።